በወፍራም ወረቀት ላይ የሚታተም ስም

አራዳ፣ እሪ በከንቱ
መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአርሴማ

ሐዋሳ ድረስ ሰላምታዬ ይግባልሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ግራው ጭራሽ ዘግቷል፤ ቀኙ ደግሞ እንደ ቀበሌ ቢሮ ሲያሰኘው ይከፍታል፣ ሲያሰኘው ይዘጋል። ስለዚህ ደውዬ አላነሳችም ብለሽ አትቀየሚኝ። ባነሳውም አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ በመጨረሻ ነገሩን የሚሰማው ጎረቤት ብቻ ነው። ደግሞም ወረቀት በስልክ አይዳሰስም። በርሄ ሚኒባሱን ይዞ በሳምንት ሁለቴ ሐዋሳ ስለሚመላለስ ደብዳቤውንም ናሙናውንም በእሱ እልክልሻለሁ።

ካርዱን ለምን ማተሚያ ቤት አንሰጠውም ላልሽው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል ውስጥ ስታጥፍና ስትለጥፍ የኖረችን ሴት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር መሆኑን በጨዋ አነጋገር ልንገርሽ። እነሱ ያትማሉ እንጂ ይሄን አያጥፉም። የእኔ ካርድ ሲከፈት ከመሀሉ ሁለት የተክሊል ዘውድ ብድግ ይላል፤ ሲዘጋ ይተኛል። እያንዳንዱ በእጅ ተቆርጦ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሮለት፣ በመስመሩ ነው የሚታጠፈው። አሥር ዓመትሽ ላይ የመጀመሪያውን ስሠራልሽ «የእኔን ሰርግ ካርድ አንቺ ነሽ የምትሠሪው» ብለሽ አስምለሽኛል። እኔ ደግሞ የማልኩትን አልረሳም፤ አንቺ ብትረሺም።

ፕሪንተር እቤት ይገባል፤ ይሄ ያለቀ ነገር ነው። የትኛው የሚለውን ለመለየት ወረቀቴን በብብቴ ይዤ ዑዘይር ሱቅ ሄድኩ። ፒያሳ ሲፈርስ ሱቁን ወደ አራት ኪሎ አዙሮታል፤ ምላሱ ግን እዚያው ፒያሳ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እያነበበ «እትዬ ዓለም፣ ይቺ ማሽን ሁሉንም ትበላለች» አለኝ። «ልጄ፣ የምትበላ ሞልታልኛለች፤ እኔ የምፈልገው የምትተፋ ነው» አልኩት። ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራሙን ወፍራም ወረቀቴን አውጥቼ «በል እዚህ ላይ አትምልኝ» አልኩት። ማሽኗ ወረቀቱን ከሆዷ ስር ተቀብላ፣ ወደ ኋላ አዙራ፣ በጀርባዋ አጥፋ ነው የምታወጣው። ስስ ወረቀት ይሆንላታል። የእኔ ወረቀት ግን መሀል ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ዑዘይር በመቆንጠጫ ሲያወጣው አፈረ፤ እኔ ደስ አለኝ። ስለዚህ የምንፈልገው ከኋላ የሚጎርስና ወረቀቱን ሳያጣምም በቀጥታ ወደ ፊት የሚያወጣ ነው። በዱቄት ቀለም የሚሠራውን አልፈልግም፤ ዱቄቱን እያቀለጠ ወረቀቱ ላይ ስለሚለጥፈው እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ይሰነጠቃል። በፈሳሽ ቀለም የሚሠራው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል።

አሁን ወደ ዋናው። መጥሪያ ካርድ አናቱ ላይ የሚወጣው የሚጠራው ወላጅ ስም ነው፤ ይሄ ላንቺ አይነገርም። አባትሽ አርአያ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገና ሳትድኺ ሞተ። ያቺ ለተክርስቶስ የምትባለው ደባሌ ደግሞ አንቺን፣ የሁለት ዓመት ልጇን፣ «ለሦስት ቀን ያዢልኝ» ብላኝ ከሄደች ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሦስት ቀኑ እስካሁን አላለቀላትም። ስለዚህ አናቱ ላይ «ወ/ሮ ዓለምጸሃይ ተድላ» ብዬ በደማቁ አስቀምጫለሁ። ስሜ በሕይወቴ ታትሞ ያየሁት ደመወዝ መክፈያ ላይ ብቻ ነው። ከሰርግሽ ሌላ ምንም አልፈልግም። ጥሎሽ አልጠይቅም፣ የፊት ወንበር አልልም። እናቷ ተብዬ ስሜ ይታተም፤ ከዚያ ብሞትም ግድ የለኝም።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበትን ቀን አልጻፍሽልኝም። ግድግዳውን ኖራ አስቀብቻለሁ። ወንበር ከእድር ላወጣ ስለሆነ ስንት ሆነው እንደሚመጡ አሳውቂኝ። ሰርጉ ጥር 17 ከሆነ ጊዜው እየሄደ ነው።

እናትሽ ዓለምጸሃይ


ሐዋሳ
መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ እማ

እንደምን ከርመሻል? ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታ አድርጊልኝ። ባንክ ቤት የሩብ ዓመት መዝጊያ ነው፤ ከመስኮቱ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም። አዎ፣ እየበላሁ ነው። አዎ፣ ትንሽ ከስቻለሁ፤ ግን ሆን ብዬ ነው፣ ለቀሚሱ።

የላክሻቸው ሦስቱም ናሙናዎች ደርሰውኛል። ሁለተኛው በጣም ያምራል፤ ናሙናው ጀርባ ላይ እንደጻፍሽው ወረቀቱ እንደ እንጨት ክሩ የሚሄድበት አቅጣጫ እንዳለው አሁን ገብቶኛል። ክሩን ተከትሎ የታጠፈው ጸጥ ብሎ ይዘጋል፤ ሦስተኛው ግን ጠርዙ ነጭ ሆኗል። አማቴ፣ የሰመረ እናት ወ/ሮ ደብሪቱ፣ ሁለተኛውን ካዩ ወዲህ ከእጃቸው አልለቅ ብለው እንደ ሕፃን ሲከፍቱና ሲዘጉ ነው የሚውሉት። «ይሄማ ከዚህ ሌላ አይታሰብም» ብለዋል። ሦስት መቶ ሃምሳ ያህል ያስፈልገናል።

የስፌት መኪናሽን ለፕሪንተር ብለሽ መሸጥሽን ከበርሄ ሰምቼ አዝኛለሁ። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ አላስሸጥሽም ነበር። ያም ሆኖ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለ ሽማግሌው ነገር አታስቢ፤ ሁሉም በአግባቡ እየሄደ ነው። ወንበር ለማውጣት አትቸኩይ።

የካርዱን ጽሑፍ በተመለከተ፣ ለጊዜው አናቱን ባዶ ተይው። የሰመረ ቤተሰቦች ስለ አጻጻፉ የራሳቸው ሐሳብ ይኖራቸዋል። ተነጋግረን ስንጨርስ ሙሉውን እልክልሻለሁ።

ልጅሽ አርሴማ


አራዳ፣ እሪ በከንቱ
ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአርሴማ

ሰላም ነሽ ወይ? እኔ እንዳለሁ አለሁ።

በርሄ የነገረሽ እውነት ነው፤ ስለ ለተክርስቶስ ብዬዋለሁ። «ድመት እንኳ ስትሰደድ ልጇን በጥርሷ ይዛ ትሄዳለች» ነው ያልኩት፤ ቃል በቃል እንዲያደርስም አደራ ብዬዋለሁ። ታማኝ ሰው ነው፣ ምንም አልቀነሰም። «ለምን እንዲህ ትያለሽ፣ ሰው ይቀየራል» ብለሽ በእሱ በኩል ስለመለስሽልኝ፣ በእርግጥ ይቀየራል። ከእኔ ጋር ደባል ሳለች ሻሿን እንኳ ከእኔ ነበር የምትዋሰው፤ አሁን ሐዋሳ ላይ ባለ ሆቴል ሆና ወይዘሮ ትባላለች አሉ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። እኛ ግን እናውቃታለን።

ሁለት ዓመት ሐዋሳ ስትኖሪ ካገኘሻት እንደቆየሽ ነቄ ነኝ። ባትነግሪኝም ከደብዳቤሽ እሸተዋለሁ። ድሮ «እማዬ» ነበር የምትዪኝ፤ አምና «እማ» ሆንኩ። የቀረውን ፊደል ለማን እንደሰጠሽው አልጠይቅሽም።

ማሽኗ ገብታለች። አልጋዬ ራስጌ፣ የስፌት መኪናው የነበረበት ቦታ ላይ ናት። ከኋላዋ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚያጎርሷት። ደርበሽ ከሰጠሻት ትቆጣለች፤ በዚህ እኔን ትመስላለች። የመጀመሪያ ቀን ወረቀቱን ሁሉ ጥቁር እያስነካች ቧጨረችብኝ። የጎረቤቴ የእፀገነት ልጅ ኮምፒውተሯን ይዛ መጥታ «ወፍራም ወረቀት» የሚለውን መርጣ ብትነግራት ቀጥ አለች። ለካ ቀድሞ ካልተነገራት ሁሉ ስስ ይመስላታል። ወርቃማ ቀለም የላትም፤ ዘውዱን እንደ ወርቅ አስመስዬ አወጣለሁ ብል የአብሽ ቀለም ሆኖ ቁጭ አለ። ሦስት ቀን ቢጫና ቡናማ ሳመጣጥን ቆይቼ አሁን ከሩቅ ያታልላል። የሰርግ ወርቅ ደግሞ ከሩቅ ካታለለ ይበቃል።

ደረቅ ይላል ብዬ ሌሊት ዘርግቼ አሳድረዋለሁ። የሚያብረቀርቀው ወረቀት ቀለሙን ስለማይጠጣ ትቼዋለሁ። ሥራው እኔ ዘንድ የቀረ ነገር የለውም። የቀረው አንቺ ዘንድ ያለው አናቱ ነው። መቶ ሃያውን ባዶ አናት አድርጌ አትሜዋለሁ፤ ስሙን በሁለተኛ ዙር አስገባለሁ።

አርሴማ፣ ቃል አትጎርሺብኝ። ስሜን አትሚው ወይም አታትሚው በዪኝ። ሽማግሌስ ምን ዋጠው? እኔ የኖራው ሽታ ሳይወጣ አይመጡም እንዴ እያልኩ በር በሩን አያለሁ።

ዓለምጸሃይ


ሐዋሳ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዓለምጸሃይ

ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቃል አልጎርስም፤ ልክ ነሽ፣ እስከዛሬ ጎርሼ ነበር። የካርዱ ጽሑፍ ይኸውልሽ፦

«ወ/ሮ ለተክርስቶስ ገብረ ሕይወት የልጃቸውን የወ/ሪት አርሴማ አርአያን፣ አቶ ሉልሰገድ ወልዱና ወ/ሮ ደብሪቱ ኃይሌ የልጃቸውን የአቶ ሰመረ ሉልሰገድን ሥርዓተ ተክሊል ምክንያት በማድረግ…» ቀሪው ቀንና ቦታ ነው።

ሽማግሌ ተልኳል። ግንቦት ላይ ነው የተላከው፣ ወደ እናቴ ቤት። ይሄን ሳልነግርሽ አምስት ወር መቆየቴ ጥፋት ነው፤ ለእሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለስሙ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

ለምን ትያለሽ፤ ልንገርሽ። ስድስት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ ግቢያችን ውስጥ ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። አንቺ ጉልበትሽ ላይ አስቀመጥሽኝና «እናትሽ ሞታለች» አልሽኝ። ጸጉሬን ላጨሽኝ። ከአሮጌ ቀሚስሽ ጥቁር ሰፋሽልኝ፤ አሁን የሸጥሻት የስፌት መኪና ናት የሰፋችው። እድሩ ድንኳን ልትከል ሲል «ሩቅ አገር ነው የሞተችው» ብለሽ መለስሽ። ጎረቤቱ ሁሉ አለቀሰልኝ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ወስደሽ ስሟን አስጠርተሻል፤ ካህኑ «ነፍስ ይማር» ሲል እኔም አሜን ስል አድጌአለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የባንክ መስኮቴ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ደረቴ ላይ ያለውን ስም አንብባ ቆመች። ወረፋው ጮኸባት፤ አልሄደችም። የአሥራ ስምንት ዓመት ሙቴ ናት ከፊቴ የቆመችው። ያን ቀን እንዴት እቤቴ እንደገባሁ አላስታውስም።

ሰባት ዓመቴ ላይ ልትወስደኝ መጥታ እንደነበርም ነገረችኝ። ከበር መለስሻት። እኔ ውስጥ ነበርኩ፤ ለእሷ ጥቁር ለብሼ።

አንቺ እሷን በቁሟ ቀብረሽ የእናትነቱን ቦታ ያዝሽ። አሁን ከካርዱ ላይ ስትነሺ የተነጠቅሽ አይምሰልሽ፤ የተመለሰው ለባለቤቱ ነው።

ካርዶቹን ላለመሥራት መብትሽ ነው። እዚህም ማተሚያ ቤት አለ።

አርሴማ


አራዳ፣ እሪ በከንቱ
ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአርሴማ

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። መነጽሬ ነው ብዬ ጠረግኩት፤ መነጽሬ አልነበረም።

ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። አንድም የጨመርሽው የለም። እኔም አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ካልሽው የባሰ ስለሆነ እንዳይቀርብሽ። ያን ለቅሶ ሳዘጋጅ ከማን ምን እንደምበደር፣ ማን ቀድሞ እንዲጮህ ሁሉ አስቤበት ነው። ሳምንት ሙሉ አስቤበታለሁ። በንዴት የወጣኝ ነገር አልነበረም።

ስለ ምክንያቱ ደግሞ ስሚ። ለተክርስቶስ ስትሄድ «ማታ ትመጣለች» ብዬሻለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ ወዲህ በየማታው ጫማሽን አድርገሽ የግቢው በር ላይ ትቀመጪ ነበር። ሁለት ዓመትሽ፣ ሦስት ዓመትሽ፣ አራት፣ አምስት። ዝናብ ሲመጣ ተሸክሜሽ እገባለሁ፤ አልጋ ላይም ጫማሽን አላስወልቅም ትያለሽ፣ ስትመጣ ዝግጁ እንድትሆኚ። ጫማ አድርጎ የሚተኛ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አራት ዓመት አይቻለሁ። እሷ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልላከችም። ያለ ሰው ይጠበቃል፤ የሞተ ሰው አይጠበቅም። ሞተች አልኩሽ። በሦስተኛው ቀን ጫማሽን አውልቀሽ ተኛሽ።

ሰባት ዓመትሽ ላይ መምጣቷም እውነት ነው። ጥላ ይዛ፣ መኪና ውስጥ ሰው እየጠበቃት መጣች። የቀበርኳትን ሴት ከየት አምጥቼ ላሳይሽ? ውሸቴ እንዳይወጣ ፈራሁ። ይሄ ግን ግማሹ ነው። ግማሹ ልጄን አልሰጥም ማለቴ ነው። ወስዳሽ ብትሄድ እኔ በዚህ ቤት ምን ልሆን ነበር? ቀናሁ፣ ተስገበገብኩ። በሩን ዘግቼባት መቀርቀሪያውን ጣልኩበት።

ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ ይቅርታሽን እየለመንኩ አይደለም። የምለምነው ሌላ ነው። በሕይወቴ ለሰው ተንበርክኬ አላውቅም፤ ታውቂኛለሽ፤ አሁን በዚህ ደብዳቤ እግርሽ ስር እንዳለሁ ቁጠሪው። ስሜን አታትሚ። ግን የእሷንም አታትሚ። «የሙሽሮቹ ቤተሰቦች» በዪው። ብዙ ሰው እንዲህ እያለ ያሳትማል፤ ማንም ምንም አይልም። እኔ በገዛ እጄ፣ ከአልጋዬ ራስጌ፣ የልጄን እናት ስም ለተክርስቶስ ብዬ ሦስት መቶ ሃምሳ ጊዜ እንዳላትም አድርጊኝ። ይሄን ብቻ።

ሥራውን ግን ለማንም እንዳትሰጪ። እኔ እሠራዋለሁ።

ዓለምጸሃይ


ሐዋሳ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወ/ሮ ዓለምጸሃይ ተድላ

እንደምን አሉ?

ስለ ጫማው የጻፉትን አነበብኩ። እኔ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ጥቁሩን ቀሚስ ነው።

«የሙሽሮቹ ቤተሰቦች» የሚለው አይሆንም። በተጨማሪም ሰርጉ ላይ ልገኝ ወይ ብለው በበርሄ በኩል ላስጠየቁት መልሱ አይችሉም ነው። ይሄን እስካሁን ያልነገርኩዎት ስለፈራሁ ነው፤ አሁን አልፈራም።

ግንቦት ላይ የሰመረ ወላጆች ሽማግሌ ሊልኩ ሲሉ ማን እንዳሳደገኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ወ/ሮ ደብሪቱ ሥርዓት የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ «እንግዲያው ሽማግሌው መጀመሪያ የሚገባው ያሳደገችሽ ቤት ነው» አሉ። አራት ትልልቅ ሰዎች እሪ በከንቱ ድረስ መጥተው፣ እርስዎ ፊት ተቀምጠው፣ ስለ እናቴ ያንን አፍዎን ሲከፍቱ ታየኝ። እናቴ ለእነሱ የነገረቻቸው ሌላ ነው፤ ታማ እንደነበር፣ በየወሩ ትልክልኝ እንደነበር ነው። አንዱ ቃልዎ ሁሉንም ያፈርሰው ነበር። እናም ሞታለች አልኳቸው። ያሳደገችኝ ሴት ባለፈው ዓመት ሞታለች አልኩ። ሰው በቁሙ እንዴት እንደሚቀበር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

እዚህ ካርዱን የምትሠራውን ሴት የሚያውቋት «ፒያሳ ያለች አንዲት ባለሙያ» በሚል ብቻ ነው።

አሁን አንድ ለውጥ አለ። ወ/ሮ ደብሪቱ ጽሑፉን ሲያዩ ተቆጡ። «ያሳደገች እናት ስሟ ሳይነሳ ልጅ አይዳርም፤ ብትሞትም ስሟ ይውጣ» ብለው አቶ ሉልሰገድንም አሳምነዋል። እናቴ እንኳ ተቀብላለች። ስለዚህ ከእናቴ ስም ቀጥሎ እንዲህ ይግባ፦

«የሙሽሪት አሳዳጊ ነፍስ ኄር ወ/ሮ ዓለምጸሃይ ተድላ»

ስምዎ እንዲታተም ፈልገው ነበር። ይታተማል፤ የፊደሉ መጠን ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሁን። እስከ ታኅሣሥ 12 ቢደርስልን ጥሩ ነው።

አርሴማ አርአያ


አራዳ፣ እሪ በከንቱ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአርሴማ

ሦስት መቶ ሃምሳው ካርድ በሁለት ካርቶን ታሽጎ በበርሄ ተልኳል። አሥር ትርፍ አለው፤ ሰርግ ላይ የሚረሳ ዘመድ አይጠፋም። ካርቶኑን በጎኑ አታስቀምጡት፣ ዘውዱ ይጨፈለቃል።

አንቱ ስላልሽኝ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ሬሳ ይከበራል፤ ወጉ ነው።

እንዴት ሠራሁት ብለሽ ካሰብሽ፣ እንደማንኛውም ሥራ ነው። ጽሑፍሽን ኮምፒውተሩ ላይ የጻፈችው የእፀገነት ልጅ ናት። «ነፍስ ኄር» የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «እትዬ፣ ይሄ ስህተት ነው አይደል?» አለችኝ። «ስህተት አይደለም፣ ጻፊ» አልኳት። እናቷ ልታግዘኝ መጥታ አንዱን ልታጥፍ ከፈት አድርጋ ስታየው ደረቷን ደቃች፣ አማተበች፣ «ማነው እንዲህ ያሟረተብሽ!» ብላ ጮኸች፤ ይሄን ያለ ጆሮም ሰማሁት። ልጄ ናት አላልኩም። የስም ሞክሼ ነች አልኳት። አላመነችኝም፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ አብራኝ ስታጥፍ አነጋች።

ሙቼ ስንት ወር እንደሆነኝ ሒሳቡን እያሰላሁ ነው። ባለፈው ዓመት ካልሽ አርባዬም ሰማንያዬም አልፏል። ተዝካሬን ማን አወጣው? እኔ እኮ ለእድር አንድም ወር ሳላጓድል የምከፍል ሴት ነኝ፤ ቢያንስ ንፍሮ ይገባኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ጋ ሄጄ «ልጄ መሞቴን ስላረጋገጠች የሚገባኝን ስጡኝ» ልበል ብዬ አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ብዙ ሳቅሁ። ጎረቤት ሳይሰማኝ አይቀርም።

ለምን እምቢ እንዳላልኩ ልንገርሽ። አንደኛው፣ የጀመርኩትን ሥራ ትቼ አላውቅም። ሁለተኛውና እውነተኛው ግን ሌላ ነው። ያን ዕለት ማሽኗ የመጀመሪያውን ስታወጣ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ቀስ እያለች ነው የምትገፋው፤ መጀመሪያ የእሷ ስም ወጣ፣ ከዚያ የእኔ። ወፍራም ወረቀት ላይ ፊደል እንዴት ያምራል መሰለሽ፤ ልጠርገው ብትዪ አይለቅም። ከስሜ ፊት የተለጠፈችውን ያቺን ሁለት ቃል በአውራ ጣቴ ሸፈንኳትና የቀረውን አነበብኩ። አሳዳጊ ይላል። ወ/ሮ ዓለምጸሃይ ተድላ ይላል። ካርዱን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ደስ አለኝ። እንዲህ አድርገሽኝ እንኳ ደስ አለኝ፤ ራሴን ጠላሁት።

እንግዲህ ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ይባላል፤ እኔ ግን ያጎረስኩሽ ምን እንደነበር አሁን አውቄአለሁ። መርዙን ጨምሬ ነው ያጎረስኩሽ። ስለዚህ አልረግምሽም። ልመርቅሽም አቅም የለኝም፤ አፌ እምቢ ይለኛል። ሰመረ ጥሩ ሰው ይሁንልሽ።

አንድ ነገር ብቻ መልሽልኝ፣ ከዚያ አላስቸግርሽም። ሞታለች ብለሽ ስትነግሪያቸው አለቀስሽ?

ዓለምጸሃይ


ሐዋሳ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወ/ሮ ዓለምጸሃይ ተድላ

ካርዶቹ ደርሰዋል። የተጎዳ የለም። ሁሉም ሰው ወዶታል።

ለጠየቁኝ፣ አዎ አልቅሻለሁ። ስናገር የማለቅስ አልመሰለኝም ነበር፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ግን እንባው አብሮ መጣ። ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ወ/ሮ ደብሪቱ ደረታቸው ላይ አድርገው ሲያባብሉኝ አመሹ። በማግስቱ መርዶው ገና ደረሰኝ ብዬ ጥቁር ለብሼ ሥራ ገባሁ። ባልደረቦቼ አዋጥተው ለቅሶ ደረሱኝ፤ አልከለከልኳቸውም። ጥቁሩን አርባ ቀን ሳላወልቅ ለበስኩት፤ ማንም እንዳስገደደኝ አይምሰልዎ።

ሐዘኔን በሥርዓቱ ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ አይጻፉልኝ።

አርሴማ አርአያ